ሁሉም ደህና፣ ተረክቤያለሁ

ሰኞ 3

ይህ ደብተር የተረፈ የፈረቃ መዝገብ ነው። ሰዓት፣ የእንፋሎት ግፊት፣ አስተያየት፣ ፊርማ የሚሉ አምዶች አሉት። እኔ አምዶቹን እየረገጥኩ እጽፋለሁ። ባለቤቴ "ለማን ነው የምትጽፈው?" አለችኝ። ለማንም። ሥራ ቦታ በማራገቢያዎቹ ጩኸት ሰው አይሰማማም፤ ቤት ስገባ ደግሞ አፌ አልፈታ ይለኛል።

ዛሬ አዲሱ ከሰል መጣ። ግማሹ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ ውስጥ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ተደብቋል። ጋሼ አንድ እፍኝ ዘግኖ ጨመቀና መዳፉን ሲከፍት ከሰሉ ፈረሰ። "ዋዜማውን ውሃ ካልጠጣ በማግስቱ ያስለቅሰናል" አለ። ደረቅ ዱቄት በወለሉ ክፍተት ይሾልካል፣ ወይም ማራገቢያው አንስቶ በጭስ ማውጫው ይወስደዋል። በልኩ ሲርስ ግን እርስ በርሱ ይያያዛል። ልኩን የሚያውቀው የጋሼ መዳፍ ነው።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካውን ቦይለር ቤት ለሃያ ስድስት ዓመት ያውቀዋል፤ እኔን ያስገባኝም ያስተማረኝም እሱ ነው። እኔ ጠዋት እሠራለሁ፣ በስምንት ሰዓት ለእሱ አስረክባለሁ። ሠራተኛው እሱ በሌለበት "ቀስ በል" እያለ ይጠራዋል፣ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ስለሆነ። እሱም ያውቃል፤ አንድ ቀን "ቢያንስ ሩጥ አላሉኝም" ብሎ ስቋል።

ረቡዕ 5

ፒን አራት ጊዜ ተሰበረ። እጄ ተላጠ። ግፊት ወርዶ አራት ተኩል። የቀለም ክፍል ኃላፊዋ ሦስቴ ደወለች። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ 7

ዛሬም አምስት ጊዜ።

የሚነደው ከሰል የሚቀመጥበትን ተንቀሳቃሽ ወለል እኛ ሰንሰለት እንለዋለን። ሞተሩ ሰንሰለቱን የሚያዞርበት ዘንግ ላይ የትንሽ ጣት ውፍረት ያላት ለስላሳ ብረት ተሰክታለች። ፒኗ ያቺ ናት። ድንጋይ መጥቶ ሰንሰለቱን ሲይዘው ፒኗ ትሰበራለች፣ ሰንሰለቱ ይቆማል፣ ሞተሩ ባዶውን ይዞራል፤ ሌላ የሚጎዳ ነገር አይኖርም። የተሠራችው ልትሰበር ነው። ድሮ በወር አንድ ጊዜ ነበር የምትሰበረው። አሁን እንደ ክብሪት ሆናለች።

ድንጋዩን አውጥቼ፣ ቀዳዳውን ከቀዳዳው ገጥሜ፣ አዲስ ፒን እስክመታ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። በዚያ ሩብ ሰዓት እሳቱ በቆመበት ራሱን ይበላል። ግፊቱ ይወርዳል፣ የቀለም ጋኖቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ብርድ ልብሱ ዝንጉርጉር ሆኖ ይወጣል።

የቴክኒክ ኃላፊው ዛሬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መቼም ከበሩ አያልፍም፤ ሸሚዙ ነጭ ነው። "በሌሊቱ ፈረቃ እንዲህ አይሰበርም፤ ምንድነው ያንተ ብቻ?" አለ። በሌሊቱ ፈረቃ ቀለም ክፍሉ ግማሽ ነው የሚሠራው፣ ሰንሰለቱም በግማሽ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ይህን መናገር ነበረብኝ። አካፋዬን አነሳሁ። ሲወጣ ለጸሐፊዋ "ሰውየው እየሸመገለ ነው መሰለኝ" ሲል ሰማሁት። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ማራገቢያው ሌላውን ሁሉ ሲውጥ ይህችን ግን አሳለፋት።

ሰኞ 10

ጠዋት ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ሦስተኛ ላይ ፒን አለቀ። ዕቃ ቤት ሄድኩ፣ የዕቃ ቤቷ ሴት ምሳ ወጥታለች። ከመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ልኩ የሆነ ብሎን አገኘሁ። ከአሮጌው ፓምፕ የተረፈ ነው፣ ጠንካራ። እስከ ነገ ብዬ ሰካሁት።

ግፊት ስድስት ከሩብ። ቀጥ አለ።

ስምንት ሰዓት ላይ መዝገቡ ላይ "ሁሉም ደህና" ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው ከሥሩ "ተረክቤያለሁ" ብሎ ፈረመ። አይነበብም እኮ። ሃያ ስድስት ዓመት "ሁሉም ደህና" ብቻ የተጻፈበትን መዝገብ ማን ያነባል? በቃል ልነግረው ነበር፤ ማራገቢያው ይጮሃል፣ እሱም የግራ ጆሮው ደክሟል፣ እኔም አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ።

ሐሙስ 13

ፒን የሚባል ነገር ረሳሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰንሰለቱ አልቆመም። ድንጋይ ሲገባ ዘንጉ ትንሽ ያቃስታል፣ ከዚያ ድንጋዩ ተፈጭቶ ያልፋል።

የቀለም ክፍል ኃላፊዋ ደውላ "ምን አደረጋችሁት? ጤና ሰጣችሁን" አለች። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ደስ አለኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ በአንድ አውራ ጣት ደስ መሰኘቴ ያሳፍራል። ለጋሼ እነግረዋለሁ። ነገ።

እሑድ 16

ጋሼ ለምሳ መጣ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ጭኑ ላይ ወጥታ ጣቶቹን ስትቆጥር ዋለች። ከሰሉን የሚለካው በእነዚያ ጣቶች ነው፤ ሲደርቅ አራት ጣት፣ ሲርስ አምስት ጣት ውፍረት ይነጠፋል፤ ሜትር አውጥቶ ለክቶ አያውቅም፣ ከሰሉ የሚወጣበት ክፍተት ላይ እጁን በቁሙ ይደግናል። "የአጎቴ ጣት ጥቁር ነው" አለችው። "ሜትር ነው እንጂ ጣት አይደለም" አላት።

ስለ ብሎኑ ቤት ውስጥ ማንሳት ደስ አላለኝም። የሥራ ነገር በሥራ ቦታ።

ረቡዕ 19

የጋሼ እጅ። ቀኙ።

አስረክቤ እየታጠብኩ ነበር። ጩኸት ሰማሁ፤ ማራገቢያው እያለ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ስሮጥ የከሰሉ ጎተራ ሥር ተንበርክኮ ነበር፣ እሳቱ ገና በማይደርስበት በፊተኛው በኩል። ሞተሩን አጠፋሁ። ሁለት ጫኞች ይዘውት ወጡ። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ትንሽ ሥራ ነበረኝ።

ተከትዬ ሆስፒታል ሄድኩ። ባለቤቴ ከእኔ በፊት ደርሳለች። ሦስት ጣት ተቆርጧል፣ ከሌባ ጣቱ እስከ ቀለበት ጣቱ።

ሐሙስ 20

እንቅልፍ የለም። ባለቤቴ "ቀስ በል የሚሉት ሰው እንዴት እጁን እዚያ ይከታል? ወንድሜ እኮ ቸልተኛ አይደለም" ትላለች። ደጋግማ። እኔን አይደለም የምትጠይቀው፣ ግድግዳውን ነው። ግድግዳው አጠገብ ግን እኔ አለሁ።

እንዴት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሰንሰለቱ ሲቆም ሰው ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፣ ፒን ተሰበረ። ፒን ከተሰበረ ደግሞ እጅ ማስገባት ይቻላል፤ ሁላችንም እናስገባለን፣ ሞተሩን እንኳ አናጠፋም። ብሎኑ ግን አልተሰበረም፤ ሞተሩ ሰንሰለቱን እንደወጠረ ነበር። ድንጋዩን ያዘ፣ ነቀለው። የታመቀው ሰንሰለት አንድ ስንዝር ወደፊት ዘለለ።

ይህን ጽፌ ገጹን ልቀድደው ነበር። ተውኩት።

ዓርብ 21

መርማሪዋ መጣች። ወጣት ናት፣ ጨዋ፣ አዲስ የራስ ቁር አድርጋለች። "አባት፣ እኔ ጨርቃጨርቅ ነው የማውቀው። ይህን ነገር ከሀ ጀምረው ያስረዱኝ" አለችኝ። አባት ማለቷ ልቤን ሰበረው።

አስረዳኋት። እንደዚያ አሳምሬ ተናግሬ አላውቅም። ከሰሉ ከጎተራው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከጎተራው አፍ ላይ ከፍና ዝቅ የሚል መዝጊያ አለ፤ የንጣፉን ውፍረት የሚወስነው እሱ ነው። ሰንሰለቱ ከብዙ የብረት ቁርጥራጭ የተሰካካ ሰፊ ወለል ነው፤ በደቂቃ አንድ ስንዝር አይሞላም፣ ከኋላ ደርሶ በሥር በኩል ባዶውን ይመለሳል። ከሰሉ ማንም ሳያገላብጠው ተቀምጦ ይጓዛል። መጀመሪያ ከጡቡ ቅስት ሥር ይገባል። ቅስቱ የጋለ ነው፣ ሙቀቱን ቁልቁል ይመልሳል፤ ስለዚህ እሳቱ ከላይ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። እርጥበቱ ይተናል፣ ቀጥሎ ጋዙ ወጥቶ ነበልባል ይሆናል፣ መሃል ላይ የቀረው ፍም ሆኖ ይግላል። አየሩ ከሥር ነው የሚነፋው፣ በክፍል በክፍሉ፤ ፊት ላይ ጥቂት፣ መሃል ላይ ብዙ፣ ኋላ ላይ እንደገና ጥቂት። መጨረሻ ላይ የሚቀረው አመድ ብቻ ነው፣ እሱም ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል። ከፈጠነ ያልነደደ ከሰል ከአመዱ ጋር ይወድቃል። ከዘገየ እሳቱ ቀድሞ ያልቅና ወለሉ ራቁቱን ቀርቶ ብረቱ ይቃጠላል።

በሰደሪያዋ ኪስ ባለች ትንሽ ደብተር ሁሉንም ጻፈች። "ሲቆምስ?" አለች። "ፒን ይሰበራል" አልኩና የተሰበረውን ፒን ከዘንጉ ላይ አሳየኋት። በቦታው ነበር። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጣቴን ቀስሬ አሳየኋት።

"ታዲያ ፒን ከተሰበረ በኋላ ሰንሰለቱ እንዴት ተንቀሳቀሰ?" አለች።

"አንዳንዴ ስባሪው ዘንጉን ነክሶ ያዞረዋል" አልኩ። ጻፈችው። ደግሞም አንዳንዴ ይነክሳል፤ በአሥር ዓመት አንዴ።

"ሞተሩን አጥፍቶ ነበር?" አለች። "አላጠፋም" አልኩ። ይህም እውነት ነው። ከተናገርኩት ሁሉ ከዚያች እውነት ሥር ብቻ አሰመረች።

ማክሰኞ 25

ጋሼ ከሆስፒታል ወጥቶ እኛ ቤት ገባ፤ ብቻውን ነው የሚኖረው። ባለቤቴ አልጋችንን ለቀቀችለት። በግራ እጁ ሲበላ ማንኪያው ከአፉ ይስታል፤ ፊቴን አዞራለሁ። ልጄ ጭኑ ላይ ወጥታ ፋሻውን አየችና "ሜትሩ የት ሄደ?" አለች። እናቷ ጎትታ ወሰደቻት። ጋሼ "ተያት፣ ልኳን ነው የጠየቀችው" አለ።

ለእኔ ምንም አላለኝም። አንድም ቃል። ያ ነው የሚያስፈራኝ።

ሐሙስ 4

ደብዳቤ መጣ። "የጥንቃቄ ደንብ በመጣስ፣ ሞተር ሳያጠፋ እጁን በማስገባት በራሱ ላይ ጉዳት ያደረሰ" ይላል። ይህን አምኖ እንዲፈርም፣ ከሥራም መሰናበቱን እንዲቀበል። ካልፈረመ ምርመራው እንደገና ይከፈታል።

ባለቤቴ "ፈርሞ ይሰናበት? ለሃያ ስድስት ዓመት? አይፈርምም። ይክፈቱት፣ ይመርምሩ፣ አንተም ሄደህ ትመሰክርለታለህ" አለች። "እሺ" አልኩ። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው።

ቅዳሜ 6

ባለቤቴ ልጄን ይዛ ወጥታ ነበር። ልነግረው ወሰንኩ። ሻይ አፍልቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ያ ቀን..." ብዬ ጀመርኩ።

"ብሎኑን ምን አደረግከው?" አለኝ።

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። አላቃጠለኝም፣ ወይም አልተሰማኝም። "ሳጥኔ ውስጥ አለ" አልኩ።

"ጥለኸው ቢሆን ይሻል ነበር" አለ። ቀጥሎም፣ "በሦስተኛው ቀን አይቼዋለሁ። ዘንጉን ግሪስ ስቀባ አየሁት። ላወጣው ነበር። ግን ፒን ከመምታት አርፌ ነበር፤ እጄም ወገቤም አርፎ ነበር። ነገ አወጣዋለሁ አልኩ። ከነጋ ሌላ ነገ መጣ።"

"እያወቅክ ታዲያ..."

"ጭንቅላቴ ያውቅ ነበር። እጄ ግን አላወቀም። ሰንሰለቱ ቆመ፣ እጄ ሄደ። ሃያ ስድስት ዓመት እንደዚያ ነው የሄደው።"

ለኃላፊው እነግረዋለሁ አልኩ። ፊቱን አጠቆረ። "ምን ልትለው ነው? ጣቴን ያበቅልልኛል? አንተ ትባረራለህ፣ እኔም ብሎኑን እያወቅኩ ፈርሜያለሁና ያው ነኝ። እህቴ ሁለት ሥራ ፈት ታቅፋ ትቀመጥ? ሆድ ይፍጀው።"

እስክሪብቶ አምጣልኝ አለኝ። በግራ እጁ ፈረመ። ፊርማው የሕፃን ልጅ ጽሑፍ ይመስላል። ወረቀቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ፣ እንዳይንሸራተት።

ባለቤቴ ስትመለስ ፊርማውን አይታ አለቀሰች። "አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ እንዴት ዝም አልክ?" አለችኝ። ራት ለልጄና ለወንድሟ ብቻ አቀረበች። ጋሼ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል።

ሰኞ 15

በጋሼ ቦታ አዲስ ሰው ገባ። ከአርባ በላይ ነው፣ ዘይት ፋብሪካ ቦይለር የሠራ፣ ቀልደኛ። "ስንት ጣት ታነጥፋላችሁ?" አለኝ። እሱም በጣት ነው የሚለካው። "እርጥብ ከሆነ አምስት" አልኩት። እጁን ደገነ። አምስቱም አሉ። ውጭ ወጥቼ ትንሽ ቆምኩ።

ፒን ዛሬ ሦስት ጊዜ። ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ፣ ከዚያ ነው እጄን የማስገባው። ሃያ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። የቀለም ክፍል ኃላፊዋ መደወል ጀምራለች።

ዓርብ 19

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ፣ "አዲሱ ሰውዬ ከመጣ ሳምንት አልሞላውም፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በእሱ ፈረቃ አንድም ፒን አልተሰበረም። ከእሱ ተማር እስቲ" አለኝ።

ያ ብሎን ትዝ አለኝ። ግን ጠዋት ስረከብ ዘንጉ ላይ ያለው ፒን ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ 20

አስረክቤ የሄድኩ መስዬ አንድ ሰዓት ቆይቼ ተመለስኩ። ሰንሰለቱ ያለ ሳል ይሄዳል። ዘንጉ ጋ ጎንበስ አልኩ።

ብሎን ነው። የእኔ ብሎን። ጭንቅላቱ ላይ ያለችውን የመፍቻ ጭረት አውቃታለሁ።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ከሳጥንህ" አለ እየሳቀ። "መፍቻ ስፈልግ አገኘሁት። ልክክ አለ። ማታ ፈረቃ ሳስረክብ አወጣዋለሁ፣ የሌሊቱ ሰው ወሬኛ ነው ስላሉኝ። ብልሃቱን አንተም ታውቀዋለህ ማለት ነው? ለምን አትጠቀምበትም ታዲያ?"

አውጣው አልኩት። "ለምን?" አለኝ። ለምን እንደሆነ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። የጋሼ ጣቶች የተቆረጡበት ቦታ አጠገብ ቆመን ነበር። "ዘንጉን ይሰብራል" አልኩት። ይህም እውነት ነው። ትከሻውን ነቅንቆ፣ "ዘንጉ የአባቴ አይደለም" አለ። እኔ ራሴ መትቼ አወጣሁት፣ ኪሴ ከተትኩት። ከሄድኩ በኋላ ሌላ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ፋብሪካው ሙሉ ብሎን ነው።

ሰኞ 22

ለጋሼ ሳልነግረው አደረግኩት። ትናንት ሙሉ ቀን አስቤበት፣ ዛሬ በስምንት ሰዓት መዝገቡ ላይ፣ ከአምዱ ሳልወጣ፣ በንጹሕ ጽሑፍ ጻፍኩ፤

"ባለፈው ወር በ10 ዘንጉ ላይ በፒን ምትክ ጠንካራ ብሎን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለቀጣዩ ፈረቃ አልተናገርኩም። በ19 ሰንሰለቱ ሲቆም ባልደረባዬ ፒን የተሰበረ መስሎት እጁን አስገብቶ ሦስት ጣቱን አጥቷል። ብሎኑን አውጥቼ የተሰበረ ፒን የሰካሁት እኔ ነኝ። ለመርማሪዋ ዋሽቻለሁ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ዘንጉ ላይ ማንም ሰው ብሎን እንዳያስገባ።"

ፈረምኩ። መዝገቡን ለአዲሱ ሰው ከፍቼ ሰጠሁት። ሳልታጠብ ወጣሁ። ቤት ስገባ ለባለቤቴ "ምናልባት ነገ ሥራ የለኝም ይሆናል" አልኳት። "ምን አጠፋህ?" አለች። ነገ ትሰሚዋለሽ አልኩ። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራት አጣጥሜ በላሁ።

ማክሰኞ 23

ማንም ምንም አላለኝም። ኃላፊው ከሩቅ እጁን አነሳልኝ።

ሐሙስ 25

መዝገቡን አየሁ። ከጽሑፌ ሥር በአዲሱ ሰው እጅ "ሁሉም ደህና፣ ተረክቤያለሁ" ይላል። ከሱ ሥር የሌሊቱ ሰው፣ "ሁሉም ደህና፣ ተረክቤያለሁ"። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ኃላፊው ራሱ የሳምንቱን ገጾች አይቶ ማኅተም መትቷል። ማኅተሙ "ሦስት ጣቱን" የሚለው ላይ አርፏል።

ሄጄ በአፌ ልነግረው ኮሪደሩ ድረስ ሄድኩ። ጸሐፊዋ "ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አስቸኳይ ነው?" አለችኝ። "አይደለም" አልኩ።

ባለቤቴ "ያልከው ነገርስ?" አለችኝ። "ቀረ" አልኳት። ጋሼ ከአልጋው ሆኖ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ተኛ።

ሰኞ 29

ገጹ ዛሬ ሞላ። አዲሱ ሰው ገልብጦ አዲስ ገጽ ጀመረ። ጠዋት ስረከብ ዘንጉን አየሁ፣ ፒን ነበር። ከስምንት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ አውቃለሁ።

ከሰሉ ርሶ ነበር፣ አምስት ጣት። ግፊት ስድስት። ፒን ሁለት ጊዜ። ስምንት ሰዓት ሲሆን አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ መዝገቡን ሳብኩ፤ እጄ ራሱ ሄዶ "ሁሉም ደህና" ብሎ ጻፈ።